ኩኩሉ በኦልድ ትራፎርድ

የዲኤስቲቪ ቤት ደንበኞች ያቺን እሁድ አይረሷትም። እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 2016 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚጠናቀቅበት ዕለት ነበር። አሥሩም ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው የሚጀመሩት። ዘጠኙ ተጀመሩ። አሥረኛው፣ የማንቸስተር ዩናይትድና የቦርንማውዝ ግጥሚያ ግን አልተጀመረም። የማንቼ ደጋፊ ሻዩን ይዞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ባዶ ሜዳና እየተነሳ የሚወጣ ሕዝብ ብቻ ሆነ። አጠገቡ የተቀመጠው የአርሴ ደጋፊ ደግሞ ቡድኑ አስቶንቪላን 4 ለ 0 እየቀጣ፣ ቶተንሃም በኒውካስል 5 ለ 1 እየተዋረደ፣ ሁለተኛ ሆኖ ሊጨርስ ነውና የጎረቤቱን ጭንቀት የሚያይበት ዓይን አልነበረውም።

የሆነው እንዲህ ነው። ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው በስታዲየሙ ሰሜን ምዕራብ ማዕዘን በሚገኝ ሽንት ቤት ውስጥ አንድ ዕቃ ተገኘ። ሞባይል ስልክ ከቱቦ ጋር ታስሯል፣ ሽቦም አለው። ወዲያው በድምፅ ማጉያው «ኦፕሬሽን ሬድ ኮድ» የሚል ማስታወቂያ ተሰማ። ተመልካቹ ምን ማለት እንደሆነ ባያውቅም አስተናባሪዎቹ ያውቃሉ። በሰር አሌክስ ፈርጉሰን ስታንድና በስትሬትፎርድ ኢንድ በኩል ያለው ሕዝብ እንዲወጣ ተደረገ። በሌላው በኩል ያሉት መጀመሪያ ባሉበት እንዲቆዩ ተነገራቸው፣ ቆየት ብሎ ግን ጨዋታው መሰረዙ ተገለጸና ሁሉም ወጣ። ያን ዕለት ኦልድ ትራፎርድ ሊይዝ የሚችለው ሕዝብ ወደ 75 ሺህ ይጠጋል። አነፍናፊ ውሾች ገቡ፣ የጦር ሠራዊቱ ቦምብ አምካኞችም መጥተው ዕቃውን ራሳቸው በተቆጣጠሩት ፍንዳታ በታተኑት።

አመሻሹ ላይ ፖሊስ እውነቱን ተናገረ። ዕቃው ቦምብ አልነበረም። ከቀናት በፊት አንድ የግል ኩባንያ በስታዲየሙ ውስጥ አነፍናፊ ውሾችን ለማሠልጠን ከደበቃቸው የውሸት ቦምቦች አንዱ ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ የተደበቁት ሁሉ ተለቅመው መውጣት ነበረባቸው። አንዱ ተረሳ። የኩባንያው ባለቤትም ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ መሆኑን፣ ዕቃው ተሰብስቧል ብሎ ዝርዝሩ ላይ ምልክት ማድረጉን በአደባባይ አምኗል። የከተማዋ ጊዜያዊ ከንቲባና የፖሊስ ኮሚሽነር የነበሩት ቶኒ ሎይድ በጣም ተቆጡ፣ ምርመራ እንዲደረግም ጠየቁ።

በልጅነቱ ኩኩሉ ያልተጫወተ የለም። የኦልድ ትራፎርዱም ነገር ከኩኩሉ ብዙ አይርቅም። ሰው ደበቀ፣ ውሻ ፈለገ፣ አንዱ ሳይገኝ ቀረ፣ ጨዋታውም እዚያው ተረሳ። ልዩነቱ የተረሳው ልጅ ሳይሆን ሽቦ ያለው ቱቦ መሆኑ ነው።

ይህን የመሰለ ኩኩሉ የሚጫወቱት ታዲያ ውሻ አሠልጣኞች ብቻ አይደሉም። ዕቃ ደብቆ ሌላ ሰው እንዲፈልገው ማድረግን መዝናኛቸው ያደረጉ ሰዎች በዓለም ዙሪያ በጣም ብዙ ናቸው። ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። በዓለም ላይ ተደብቀው ፈላጊ የሚጠብቁት ሣጥኖች ቁጥር ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህ ማለት ወደ ስታዲየም የሚሄድ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ደጋፊ ሳያውቀው በብዙ ሣጥኖች አጠገብ ያልፋል ማለት ነው። ከድልድይ ሥር፣ ከአግዳሚ ወንበር በታች፣ ከመብራት ምሰሶ ጀርባ።

ጨዋታው የተወለደው በአንድ ውሳኔ ምክንያት ነው። የአሜሪካ ጦር ያመጠቃቸው የጂፒኤስ ሳተላይቶች ለሲቪሉ ሕዝብ የሚሰጡት ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ማዛባቱ እንዲቆም ወሰኑና እ.ኤ.አ. ከሜይ 2 ቀን 2000 ጀምሮ የማንም ሰው መሣሪያ በፊት ከነበረው አሥር እጥፍ ያህል በትክክል አቅጣጫ መጠቆም ጀመረ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የሚባል አሜሪካዊ በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ በምትባል ሥፍራ አጠገብ አንድ ጥቁር ባልዲ አስቀመጠ። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ካሴት፣ የኮምፒውተር ሶፍትዌር፣ ጥቂት ገንዘብ፣ አንድ ጣሳ ባቄላና ወንጭፍ ነበረ። ቦታውን የሚጠቁሙትን ቁጥሮች በኢንተርኔት ለቀቀና «ፈልጉት» አለ። ሕጉም ቀላል ነበር። ያገኘ ሰው አንድ ነገር ይወስዳል፣ አንድ ነገር ያስቀምጣል፣ መዝገቡ ላይ ስሙን ይጽፋል። ባልዲው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገኘ። በዚያው ዓመት ጨዋታው ስምም የራሱ ድረ ገጽም አገኘ።

እስከዚህ ድረስ ችግር የለውም። ጫካ ውስጥ የተቀመጠ ባልዲ ማንንም አያስደነግጥም። ችግሩ የመጣው ጨዋታው ከጫካ ወጥቶ ከተማ ሲገባ ነው። ተጫዋቾቹ ምን ዓይነት ሣጥን እንደሚወዱ ቢጠየቁ ብዙዎቹ የሚጠሩት የአሜሪካ ጦር የጥይት ሣጥን ነው። ብረት ነው፣ ዝናብ አያስገባም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ በሕዝብ መናፈሻ አግዳሚ ሥር የጥይት ሣጥን! ከዚያ ቀጥሎ የሚወደደው ጥብቅ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የውኃ ቱቦ ቆርጦ ሁለቱን ጫፍ ይደፍንና ውስጡ ወረቀት ያስቀምጣል። የቱቦ ቦምብ ምን እንደሚመስል በዜና ያየ ሰው ያንን ሲያገኝ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

ከሣጥኑ የባሰው ግን የሰዎቹ አኳኋን ነው። ጨዋታውን የማያውቅ መንገደኛ ሣጥኑን ካየው ሊወስደው ወይም ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ተጫዋቹ ማንም ሳያየው ነው የሚፈልገው። ቆም ይላል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ከወንበር ሥር ይሰዳል፣ ሰው ሲመጣ ጫማውን እንደሚያስር ይሆናል። ስልኩን አየት ያደርጋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ጨዋታው የሚያስተምረው ጥንቃቄ ፖሊስ የሚጠረጥረውን ሰው ቁርጥ አድርጎ ያወጣዋል። ጨዋታው ያለ ድብቅነት አይጣፍጥም፣ ድብቅነቱ ደግሞ ነው ሰው የሚያስደነግጠው። ፌዝ ያለበት ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን እንግሊዝ ዌዘርቢ በምትባለው የገበያ ከተማ ይኸው ደረሰ። አንድ ሰው መሃል ከተማ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ጋር ሲጎነታተል የታየው ሰው ተጠራጥሮ ለፖሊስ ደወለ። መንገዶች ተዘጉ፣ ሱቆች ባዶ ሆኑ፣ የጦር ሠራዊቱ አምካኞች መጥተው ሣጥኗን አፈነዷት። ውስጧ የነበረው እንደተለመደው የጨዋታው ዕቃ ነበር። ነጋዴው ሥራው ተቋረጠ፣ ገበያተኛው ተንገላታ፣ ሁሉም በአንዲት ምሳ ዕቃ ምክንያት። ደዋዩ ግን ተሳስቷል ማለት ይቻላል? ያየው ነገር በሙሉ ትክክል ነው። ሰው ዕቃ ሲደብቅ አይቷል፣ ዕቃውም ተደብቋል።

እዚህ ላይ ፖሊሶቹ እንዴት እንደሚያስቡ ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ባቡርና ጣቢያ ውስጥ በየቀኑ ቦርሳ፣ ሻንጣ፣ ጃንጥላ ይረሳል። በእያንዳንዱ የተረሳ ቦርሳ ጣቢያ ቢዘጋ አገሪቱ ትቆማለች። ስለዚህ የባቡር ፖሊሶች ሦስት ጥያቄ አወጡ፤ ዛሬ በስታዲየም የሚሠሩ አስተናባሪዎችም ይማሩታል። ዕቃው ተደብቋል ወይ? በግልጽ ያጠራጥራል ወይ፣ ማለትም ሽቦ፣ ባትሪ፣ እንግዳ ነገር ይታይበታል? ለቦታውስ የተለመደ ነው? ሰው የረሳው ቦርሳ አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ወይም መሃል ወለል ላይ ነው የሚገኘው፣ ማንም አልደበቀውም። መንገደኛ ጃንጥላውን ከቧንቧ ጀርባ ሸጉጦ አይረሳም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደው።

የጂኦካሺንግ ሣጥን ታዲያ ይህን ፈተና በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። የተሠራው ሊደበቅ ነውና! የኦልድ ትራፎርዱ የውሸት ቦምብ ደግሞ ሦስቱንም ወድቋል። ተደብቋል፣ ሽቦ አለው፣ ሽንት ቤት ውስጥ ከቱቦ ጋር የታሰረ ሞባይል ደግሞ በየትም አገር የተለመደ አይደለም። ፖሊስም በኋላ ዕቃው እጅግ እውነተኛ ይመስል እንደነበር ገልጿል። ሲሠራ እንዲመስል ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ከፍተው አያዩትም?» የሚል ደጋፊ አይጠፋም። ያን እሁድ በየዲኤስቲቪ ቤቱም ሳይባል አልቀረም። መልሱ አጭር ነው፤ ሲከፈት እንዲፈነዳ ተደርጎ የሚሠራ ቦምብ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ይርቃል፣ ቀጥሎ ሮቦት ይጠጋል። ይህ ሮቦት የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ ጦር በሰሜን አየርላንድ በመኪና ቦምብ ሰው እያለቀበት በነበረበት ጊዜ ሲሆን፣ የፈጠሩት ፒተር ሚለር የተባሉ ሌተና ኮሎኔል ናቸው። በአንድ የኤሌክትሪክ የእጅ ጋሪ አካል ላይ ተመሥርተው ስለሠሩት እስከ ዛሬ ስሙ «የእጅ ጋሪ» ነው። ከሮቦቱ በኋላ የኤክስሬይ ፎቶ ይነሳል። ያ ካልበቃ ደግሞ ከአጭር በርሜል በከፍተኛ ፍጥነት የሚወነጨፍ ውኃ ዕቃውን ይመታዋል። ውኃው ሽቦውና ባትሪው ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይበታትናቸዋል። በዜና «ቁጥጥር የተደረገበት ፍንዳታ» ሲባል ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ቦምብም ሆነ ምሳ ዕቃ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ስብርባሪ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሰዓታት ይወስዳል፣ የ90 ደቂቃ ጨዋታ ደግሞ አይጠብቅም።

ዩናይትዶች ቦምብን በወሬ ብቻ የሚያውቁ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1996 እንግሊዝ የአውሮፓን ዋንጫ እያዘጋጀች ሳለ አይአርኤ በማንቸስተር መሃል ከተማ መኪና ውስጥ ያስቀመጠው 1,500 ኪሎ የሚመዝን ቦምብ ፈንድቷል። አስቀድሞ በስልክ ማስጠንቀቂያ ስለተሰጠ ፖሊስ ወደ 75 ሺህ ሰው ከአካባቢው አስወጣ። ከ200 በላይ ሰዎች ቆሰሉ፣ የሞተ ግን አልነበረም። ቁጥሩን ልብ ይሏል። ያን ዕለት ከመሃል ከተማው የወጣው ሕዝብ ከ20 ዓመት በኋላ ከኦልድ ትራፎርድ ከወጣው ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው። በማግስቱ ጀርመንና ሩሲያ በዚያው ኦልድ ትራፎርድ ተጫውተው ጀርመን 3 ለ 0 አሸንፋለች።

በሌላ በኩል ደግሞ የስፔኑ አለ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2004 በሳንቲያጎ በርናቤው ሪያል ማድሪድና ሪያል ሶሲዳድ 1 ለ 1 እያሉ በኢታ ስም ቦምብ ተቀምጧል የሚል ስልክ በመደወሉ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ተቋረጠ። ወደ 70 ሺህ ሕዝብ ወጣ፣ ተጫዋቾቹ ማሊያቸውን እንደለበሱ መንገድ ላይ ቆሙ። ቦምብ አልተገኘም። የቀረችው ጥቂት ደቂቃ ጃንዋሪ 5 ቀን 2005 ተጫወቱባት። በመሃሉ ማድሪድ አሠልጣኝ ቀይሮ ስለነበር ብራዚላዊው ሉክሰምበርጎ የመጀመሪያ ጨዋታቸው የጥቂት ደቂቃ ብቻ ሆነ፣ እሱንም ዚዳን በመታው ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 አሸነፉ። ለጨዋታ ያህል አስቂኝ ነው። ለደህንነት ግን ያን ስልክ «ውሸት ይሆናል» ብሎ መተው የሚችል ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት ማርች 11 ቀን በማድሪድ ባቡሮች ላይ በቦርሳ የተቀመጡ ቦምቦች ከ190 በላይ ሰዎች ገድለው ነበርና።

ሁለቱንም ፊት ያየች አንዲት ከተማ ደግሞ አለች፣ እሷም ቦስተን ናት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2007 የቦስተን ፖሊስ በድልድዮችና በመንገዶች ላይ የተለጠፉ፣ ባትሪና ሽቦ ያላቸው፣ መብራታቸው ብልጭ ድርግም የሚል ሰሌዳዎች አገኘ። መንገድ ተዘጋ፣ ወንዙ ሳይቀር ለጀልባ ተከለከለ። ነገሩ ሲጣራ የካርቱን ፊልም ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ። ተመሳሳዩ ሰሌዳ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞችም ተሰቅሎ ማንም አልደነገጠም ነበርና አገሩ በሙሉ በቦስተን ሳቀ። ያስለጠፉት ድርጅቶች 2 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፈሉ፣ ፌዙ ግን አልቆመም። «በካርቱን የደነገጠች ከተማ» ተባለች።

ስድስት ዓመት አለፈ። ኤፕሪል 15 ቀን 2013 የቦስተን ማራቶን ነበር። የወንዶቹን ውድድር ኢትዮጵያዊው ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አሸነፈ። እሱ ከገባ ከሁለት ሰዓት በላይ በኋላ፣ ዝነኞቹ ጨርሰው ተራው ሯጭ ሲገባ፣ በመጨረሻው መስመር አጠገብ ተመልካች መሃል መሬት ላይ የተቀመጡ ሁለት የጀርባ ቦርሳዎች ተከታትለው ፈነዱ። ውስጣቸው በእንፋሎት ፈጥኖ የሚያበስል የወጥ ቤት ድስት ነበር፣ ድስቱ ውስጥ ደግሞ ባሩድና ምስማር። ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ ከ260 በላይ ቆሰሉ፣ ብዙዎች እግራቸውን አጡ። ሌሊሳ በዚያው ዓመት ጁን ወር ወደ ቦስተን ተመልሶ ያገኘውን ሜዳሊያ ለከተማዋ ሕዝብ መታሰቢያ እንዲሆን ለከንቲባው ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ተመልሶ አሸነፈና ቤቱ የሚያስቀምጠው ሜዳሊያ አገኘ።

ያቺ የተሳቀባት ከተማ ናት። የወደቀ ዕቃ ምንም እንዳልሆነ እርግጠኛ መሆን የሚቻለው ከፍንዳታው፣ ወይም ከፖሊሱ ፍተሻ፣ በኋላ ብቻ ነው።

በንቃት መታየቱ ሕይወት ያተረፈበትም ጊዜ አለ። በአትላንታ ኦሊምፒክ፣ ጁላይ 27 ቀን 1996 ሌሊት፣ በመናፈሻው በሚካሄድ ኮንሰርት ላይ ሪቻርድ ጄዌል የተባለ ጥበቃ ከአግዳሚ ወንበር ሥር ባለቤት የሌለው ቦርሳ አየ። «የሰካራም ቦርሳ ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። አላለፈም፣ ለፖሊስ ነገረ፣ ሰዉንም ማራቅ ጀመሩ። ቦርሳው ውስጥ የነበሩት የቱቦ ቦምቦች ሕዝቡ ተጠቃልሎ ሳይወጣ ፈነዱ፣ አንዲት ሴት ሞተች፣ 111 ሰዎች ቆሰሉ። ዞር ባይሉ ኖሮ ቁጥሩ ስንት ይሆን ነበር? ጄዌል ግን ምስጋና በማግኘት ፈንታ ራሱ ተጠርጥሮ ለወራት በጋዜጠኞች ተከበበ፣ በኋላ ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ፣ እውነተኛው ወንጀለኛም እ.ኤ.አ. በ2005 አመነ። ኢትዮጵያውያን የዚያን ሰሞን አትላንታ በሌላ ነው የሚያስታውሷት። ፍንዳታው በደረሰ ማግስት ፋጡማ ሮባ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገብታ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ያን ሩጫ በየመንገዱ ዳር የቆመው ሕዝብ ከአንድ ቀን በፊት ቦምብ የፈነዳባት ከተማ ሕዝብ ነው።

የጂኦካሺንግ ተጫዋቾችም ይህን አልካዱም፣ ቢያንስ አብዛኞቹ። ሕጋቸው ሣጥን ከትምህርት ቤት፣ ከአየር ማረፊያ፣ ከባቡር ሐዲድ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከጦር ሠፈር እንዲርቅ ያዛል። የቦታው ባለቤት ፈቃድ ይጠየቃል። የጥይት ሣጥን የሚጠቀም ሰው የወታደር ጽሑፉን በቀለም አጥፍቶ በምትኩ የጨዋታውን ስም በትልቁ እንዲጽፍበት ይመከራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ውስጡ ከውጭ የሚታይ ነጭ ፕላስቲክ ነው ይላሉ። እንግሊዝ ውስጥ ከዌዘርቢው ነገር በኋላ በከተማ መሃል በሚቀመጥ ሣጥን ላይ ቁጥጥሩ ጠብቋል። የአሜሪካው የእግር ኳስ ሊግ ኤንኤፍኤልም እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ስታዲየም የሚገባ ቦርሳ ውስጡ የሚያሳይ መሆን አለበት የሚል ደንብ አወጣ። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ጥበቃው ሳይነካው ያየዋል።

ግን ቅሬታ አላቸው። ስሙ የተጻፈበት፣ ውስጡ የሚታይ ሣጥን ከአምስት ሜትር ርቀት ይታወቃል፣ ታዲያ የሚያዝናናው ፍለጋ የት አለ? የድሮው ጨዋታ ሞተ የሚሉ አሉ። በስታዲየም በር ላይ ሃይላንዱን የተቀማ ደጋፊም ይህንኑ ነው የሚለው። «ውኃ እኮ ነው!» ብሎ ይከራከራል። ውኃ መሆኑን እሱ ያውቃል። በሩ ላይ የቆመው ሰው ግን ከኋላው የተሰለፉት ሺህ ሰዎች ሁሉ ይህንኑ እንደሚሉት ያውቃል። ፍተሻውን ማማረር ቀላል ነው፤ ያን እሁድ ከኦልድ ትራፎርድ የወጡት ግን ያማረሩት በአስተናባሪዎቹ ሳይሆን ዕቃውን ረስቶ በሄደው ሰው ነው። ልክ ናቸው። ሣጥኑን ያየ ሰው ተጠያቂ አይደለም፣ ያስቀመጠው ነው።

በቁጥር ረገድ ዩናይትድ ያን ቀን ብዙም የቀረበት ነገር አልነበረም። አራተኛ ሆኖ ወደ ሻምፒዮንስ ሊግ ለመግባት ዕድሉ በጣም ጠባብ ነበር። ማንቸስተር ሲቲ ከስዋንሲ 1 ለ 1 መለያየቱ ሲሰማ ዩናይትድ ቦርንማውዝን 19 ለ 0 ማሸነፍ እንዳለበት ተሰላ። ጨዋታው ማክሰኞ ሜይ 17 ተደረገ፣ ሩኒ፣ ራሽፎርድና ያንግ አስቆጥረው 3 ለ 1 አለቀ። ክለቡ የእሁዱን ቲኬት ገንዘብ መለሰ፣ የማክሰኞውንም በነፃ አስገባ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ኤፍኤ ካፕን በልተው ክሪስታል ፓላስን 2 ለ 1 ረቱ፣ ቫን ሃል ግን ከዋንጫው በሁለተኛው ቀን ተሰናበቱ። እሁድ ከደቡብ ጠረፍ ድረስ ተጉዘው መጥተው ሳያዩ የተመለሱት የቦርንማውዝ ደጋፊዎች ግን ማክሰኞ በሥራ ቀን ማታ እንደገና ያን ሁሉ መንገድ መምጣት ነበረባቸው። ሁሉም አልመጣም።

ቀልዱ የመጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2016 ዩናይትድ አርሴናልን ሊያስተናግድ በዋዜማው አርብ ዕለት ሁለት ወጣቶች እንደ ጎብኚ ስታዲየሙ ገቡ፣ ጉብኝቱ ሲያልቅ ግን አልወጡም። ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቀው ሌሊቱን አሳለፉ። ሐሳባቸው በሩ ሲከፈት ከተመልካቹ ጋር ተቀላቅለው ጨዋታውን በነፃ ለማየት ነበር። በሩ ሳይከፈት ጠዋት በተደረገው ፍተሻ ተገኙ። ፖሊስ ጠይቋቸው ምንም ክፉ ሐሳብ እንዳልነበራቸው አወቀና ለቀቃቸው። ስታዲየሙ እንደገና ከላይ እስከ ታች ተፈትሾ ጨዋታው በሰዓቱ ተጀመረ። ያን ቀን ዩናይትድን ከሁለት ወጣቶች በላይ ያናደደው ኦሊቪዬ ዥሩ ነበር፣ በ89ኛው ደቂቃ በጭንቅላቱ ገጭቶ ጨዋታውን 1 ለ 1 አደረገው።